ሊዲያ ልታስጠግን ያመጣችው ሻንጣ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነሐሴ መገባደጃ ላይ ነው። ዝናቡ ገና አልለቀቀም ነበር። ዛሬም ደንበኛ ሻንጣ እየጎተተ ሱቄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ስፌቱን ነው። ለባለቤቴና ለሁለት ሦስት ሰው ካልሆነ በቀር ለማንም አላወራሁትም። አሁን የምጽፈው አንድም እንዲወጣልኝ፣ አንድም ልጅ ወደ ውጭ አገር የሚሸኝ ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ።

ላፍቶ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የኮንቴይነር ሱቅ አለኝ። ልብስ አጠብባለሁ፣ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ቦርሳና ሻንጣም እጠግናለሁ። ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም ስለሚበዛ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም።

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ስለ ታናሽ ወንድሜ መናገር አለብኝ። ኤርሚያስ ይባላል፣ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። ከሆሳዕና አምጥቼ ኮሌጅ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከማን ጋር እንደገጠመ ሳላውቅ ዕፅ ጀመረ። መጀመሪያ ኪኒን ነበር፣ በኋላ በአፍንጫ የሚሳብ ዱቄት ሆነ አሉኝ። እኛ የሰማነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። አሁን ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ካላበሉት አይበላም። ጥፍሩን የምቆርጥለት እኔ ነኝ። ደህና ቀን ሲሆንለት በስሜ ይጠራኛል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ግድግዳውን እያየ ይውላል።

ስለዚህ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ስሠራ ሬዲዮው ስለ ሩቅ ምሥራቅ አገሮች ሲያወራ፣ እዚያ ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው በሞት እንደሚቀጣ ሲናገር፣ ልቤ ነው የራሰው። «እሰይ፣ የእጃቸውን ነው ያገኙት» አልኩ።

አጠገቤ ፎቶ ኮፒ የሚያነሡና ደብተር የሚሸጡ ጋሽ ንጉሤ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሱቄ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«ወርቄ፣ የሰቀሉትን ሰው መልሰው ሊያወርዱት አይችሉም» አሉኝ። «ዳኛም ሰው ነው፣ ይሳሳታል።»

«ኤርሚያስንስ ማን ይመልስልኛል?» አልኳቸው።

ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ይህ ወሬ በተነሣ ቁጥር እንዲሁ አፋቸውን አስይዛቸው ነበር። ልክ ስለነበርኩ ሳይሆን ኤርሚያስን ስለሚያውቁት ነው ዝም የሚሉት።

ነገሩ የደረሰብኝ ዕለት ጠዋት አንዲት ልጅ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ እየጎተተች መጣች። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የሻንጣው ዚፕ ራሱ ወልቆ አፉ ተከፍቷል፣ በውስጡ ያጨቀችው ልብስ ይታያል።

«እትዬ፣ ዛሬውኑ ይደርስልኛል? ነገ ማታ ነው የምበረው» አለችኝ።

አነጋገሯ የአገሬ ልጅ ሆነብኝ። «የየት አገር ልጅ ነሽ?» ስላት «ከሆሳዕና አለፍ ብሎ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ በአገራችን ቋንቋ፣ በሀዲይሳ ነው ያወራነው። ሊዲያ እባላለሁ አለችኝ። ሀና ማርያም ሰፈር አክስቷ ጋ ነው የምትኖረው። ሩቅ ምሥራቅ ባለ አንድ አገር፣ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታለች። የአገሩን ስም ነገረችኝ፣ እዚህ ግን ልተወው። ቪዛውንም ትኬቱንም የጨረሰላት ዮናስ የሚባል የጓደኛዋ ዘመድ ነው። ሻንጣውንም የሰጣት እሱ ነው።

«ዚፑ መበላሸቱን እንዳይሰማ ብዬ ነው እኮ» አለችኝ። «ዕቃሽን እኔው መጥቼ ነው የማስገባልሽ፣ እስከዚያ እንዳትነኪው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ቸኩዬ ሳጭቅበት ጊዜ ዚፑ አመለጠ።»

ይህን ስትለኝ ምንም አልጠረጠርኩም። ወንዶች ሁሉ ሻንጣ ማስተካከል የእነሱ ሥራ ይመስላቸዋል ብዬ ሳቅሁ። ልብሷን በሁለት ፌስታል አድርጋ ጥግ ላይ አስቀመጠች። የቸርች እህቶች ሊጸልዩላት እንደሚጠብቋት ነገረችኝ። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «እዚያ ብርድ አለ ይላሉ?» አለችኝ። ሙቀት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ አልኳት። «እንግዲያስ ሹራቡን ለአክስቴ ልተውላት» ብላ ሄደች።

የእጄን ዩኒፎርም ጨርሼ ሻንጣውን አነሣሁት። ባዶ ነው፣ ግን ከባድ ነው። ብረቱ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

የሻንጣ ዚፕ ራስ ለመቀየር ጠርዙን መፍታት ግድ ነው። ዚፑ ከገበሩ ጋር አብሮ ነው የሚሰፋው። ምላጭ ይዤ ጫፉን ስፈታ ክሩ ሌላ ሆነብኝ። ሦስቱ ጎን በፋብሪካ የተሰፋ ነው፣ አንዱ ጎን ግን በሰው እጅ ነው የተሰፋው። ክሩም ትንሽ ወፈር ይላል። ሙጫ ሙጫ ይሸታል። አንድ ሰው ከእኔ በፊት ጠግኖት ይሆናል አልኩ። ገበሩን ገለጥ ሳደርገው በጥቁር ካርቦን ወረቀት የተጠቀለለ፣ በፕላስተር የታሸገ፣ እንደ ቂጣ የሳሳ ነገር ከጀርባው ጋር ተለጥፎ አየሁ። አንድ ብቻ አይደለም፣ ጎን ለጎን ተደርድሯል።

ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። የአንዱ ጫፍ ምላጩ ነክቶት ኖሮ ትንሽ ነጭ ነገር እጄ ላይ ፈሰሰ።

እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ። ወዲያው ቀሚሴ ላይ ማድረጌ አስደነገጠኝና በውኃ አጠብኩት። ከዚያ የኮንቴይነሩን አንድ በር ገፋ አደረግሁት። ለምን እንደዘጋሁት እንኳን አላውቅም። የስፌት መኪናዬ ፊት ቁጭ ብዬ ስንቀጠቀጥ አንዲት እናት የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ መጣች። ሻንጣውን በእግሬ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፍቼ፣ ዩኒፎርሙን በፌስታል አድርጌ ሰጠኋት። «ወርቄ፣ አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። የወንድሜን አእምሮ የበላው ይኸው እጄ ላይ ነው። ያቺ ልጅ ፈገግ እያለች ይህን ተሸክማ ልትሄድ ነው። በአገሬ ቋንቋ አጫውታኝ፣ ሊጸልዩልኝ ነው ብላኝ። እንደዚያ ስናደድ ደግሞ ፊቷ ይመጣብኛል። ስለ ብርድ የጠየቀችኝ ነገር ይመጣብኛል። ብታውቅ ኖሮ ለማታውቀኝ ሴት ሻንጣውን ጥላ ትሄድ ነበር? ደግሞ እንዳይሰማ ያለችው ለምንድን ነው? ነገሩ ወዲህም ወዲያም እየሆነ አንገላታኝ።

ጋሽ ንጉሤን ጠራኋቸው። ገበሩን ገልጬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አደረጉ።

«ለፖሊስ ደውዪ። አሁኑኑ» አሉኝ።

«ልጅቷስ?»

«ማወቅ አለማወቋን የሚያጣራ አለ። እዚህ ብትያዝ ትታሰራለች። እዚያ ብትደርስ ግን ሰምተሻል አይደል? አንቺው ነሽ ስታወሪ የነበርሽው።»

ነገሩ ያስገርማል። ሰው አይሰቀል ሲሉ የነበሩት ሰው ሳያመነቱ ደውዪ ይሉኛል። ይሰቀሉ ስል የነበርኩት እኔ ስልኬን ይዤ ጣቴ እምቢ አለኝ። ስለ ልጅቷ ብቻ አይደለም። ድንገት አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ዕቃ ያለው በእኔ ሱቅ፣ በእኔ ጠረጴዛ ሥር ነው። ገበሩን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ አሻራዬም ያለው እሱ ላይ ነው። ፖሊስ መጥቶ «የማን ነው?» ቢል፣ አንዲት ሊዲያ የምትባል ልጅ ሰጥታኝ ነው፣ የአባቷን ስም አላውቅም፣ ቤቷንም አላውቅም ነው የምለው። እኔ ብሆን እንዲህ የምትል ሴት አምናለሁ? አላምንም። ሬዲዮ ላይ እንዲህ ሲሉ ስሰማ እየሳቅሁባቸው ነው የኖርኩት።

«ጋሼ፣ በእኔ እጅ ነው ያለው» አልኳቸው።

«እኔ ምስክርሽ ነኝ» አሉኝ።

«ለእርስዎስ ማን ይመሰክርልዎታል?»

እንዲሁ እንደቆምን አንድ ወጣት በሩ ላይ ደረሰ። ንጹሕ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጃንጥላ ይዟል።

«እንደምን ዋላችሁ። እህቴ፣ አንዲት ልጅ ሻንጣ ሰጥታሽ ነበር? አክስቷ እዚህ እንዳለ ነግራኝ ልወስድላት ነው» አለ።

የድምፁ ትሕትና ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ጋሽ ንጉሤ ምንም እንዳልተፈጠረ «በይ ደብተሩን በኋላ እልክልሻለሁ» ብለው ወጡ። ሲወጡ ዓይኔን አዩኝ። ሊደውሉ እንደሆነ ገባኝ፣ እንዳይደውሉም መጮኽ አማረኝ።

«ሻንጣው ገና አላለቀም» አልኩት።

«ችግር የለም፣ እንዳለ ስጪኝ። ሌላ ገዝቼላታለሁ።»

«ባለቤቷ ሳትመጣ ዕቃ አልሰጥም ወንድሜ። ብዙ ጊዜ ተጣልቼበታለሁ።»

ፈገግ አለ። ስልኩን አውጥቶ ደወለላት። «ሊዲ፣ እዚህ ልብስ ሰፊዋ ጋ ነኝ። ነይ» አላት። ከዚያ ደንበኞች የሚቀመጡባት ዱካ ላይ ቁጭ አለ። እግሩን ቢዘረጋ ሻንጣውን ይነካዋል። ገበሩ ተገልጦ ነው ያለው። ጎንበስ ቢል ያያል። እኔ ደግሞ የአንድ ልጅ ሱሪ ይዤ፣ መርፌው ላይ ክር ሳይኖር፣ መኪናውን አስነሥቼ ዝም ብዬ እሰፋለሁ። ድምፁ ብቻ እንዲኖር ነው። እሱ ስልኩን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። አንድ ጊዜ «ከፈትሽው እንዴ?» አለኝ። ዚፑን ማለትህ ነው ስለው፣ «አዎ፣ ዚፑን» አለ። ከዚያ በኋላ ፈገግታው ጠፋ።

ሊዲያ እየሮጠች መጣች። እሱን ስታየው ልክ እንደ ጥፋተኛ አንገቷን ደፋች። «ዮኒ፣ ይቅርታ፣ ዚፑ...» ስትለው እኔ በሀዲይሳ አቋረጥኳት። ድምፄን ሳልቀይር፣ ስለ ክር የማወራ አስመስዬ፣ «ሻንጣው ውስጥ የሚያስገድልሽ ነገር አለ። ፊትሽ ላይ እንዳይታወቅብሽ። ሽንት ቤት አሳዪኝ በዪኝ» አልኳት።

ፊቷ አልታዘዘላትም። ቢሆንም በአማርኛ «እትዬ፣ ሽንት ቤት የት ነው?» አለች። ተነሥቼ እጇን ያዝኩና ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ዮናስን ከሻንጣው ጋር ብቻውን ተውኩት ማለት ነው። ያን ጊዜ ማሰብ የቻልኩት እሷን ከአጠገቡ ማራቅ ብቻ ነው።

ጓሮ ስንደርስ ነገርኳት። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች።

«ወርቅ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ክብደቱ ገርሞኝ ነበር እትዬ። ጠርጥሬያለሁ። ወርቅ ነው የሚያሳልፉት ብዬ አሰብኩ። ብጠይቀው ጉዞው እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።»

በጥፊ ልላት እጄን አነሣሁ፣ ሳላስበው አቀፍኳት። ታውቅ ነበር? አታውቅም ነበር። አታውቅም ነበር? ደግሞ አንድ ነገር እንዳለ ታውቅ ነበር። እስከዛሬ ድረስ ይህን ጥያቄ ለራሴ አልፈታሁትም።

ጩኸት ሰምተን ስንመለስ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ዮናስን በሩ ላይ ይዘውታል። ሻንጣውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል ነው የደረሱት። ሻንጣው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ንጉሤ በዝናቡ ውስጥ ጃኬት ሳይለብሱ ቆመዋል።

«የማን ነው?» አለ አንደኛው ፖሊስ።

«እኔ ሱሪ ላሳጥር ነው የመጣሁት። ሴቶቹንም አላውቃቸውም» አለ ዮናስ።

ሊዲያ አየችው። ወደ ፖሊሱ ዞራ «የእኔ ነው» አለች። «የሰጠኝ ግን እሱ ነው።»

«የተገኘው በማን እጅ ነው?»

«በእኔ» አልኩ።

ሦስታችንንም በአንድ ፒካፕ ነው የወሰዱን። የማውቃቸው ሰዎች በየሱቃቸው በር ላይ ቆመው ያዩኛል። አንዲቱ ደንበኛዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ዮናስ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ሰማያዊ ሸሚዙ ርሷል። በኤርሚያስ ዕድሜ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ፖሊስ ጣቢያ መርማሪዋ ሴት ነበረች። ክፉ አልነበረችም፣ ግን አንዱን ጥያቄ ደጋግማ ነው የምትጠይቀኝ። «እንዳገኘሽው ለምን አልደወልሽም?» ስትለኝ፣ ፈርቼ ነው እላታለሁ። «ያልሠራሽውን ለምን ትፈሪያለሽ?» ትለኛለች። ሌላ ቦታ ሄዳ ተመልሳ ያንኑ ትጠይቀኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት? እውነቱን እየተናገርኩ ስሰማው ለራሴ ውሸት ይመስለኝ ጀመር።

ሊዲያን አጠገቤ አስቀምጣ ስታነጋግራት፣ «እዚያ አገር ይህን ይዘሽ ብትገቢ የሚጠብቅሽ ገመድ ነው» አለቻት። ልጅቷ አልገባትም። «እስራት?» አለች። «ስቅላት» አለቻት መርማሪዋ።

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ምን እንደሆነ በእርግጥ የማታውቅ ብትሆንስ?» አልኳት።

«የተያዘ ሰው ሁሉ አላውቅም ነው የሚለው። እውነት መሆኑን ማስረዳት ያለባት እሷ ነበረች። ያውም በማታውቀው ቋንቋ።»

ባለቤቴ ማቴዎስና ጋሽ ንጉሤ መጥተው ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ ሲመሽ ለቀቁኝ። ስትጠሪ ትመጫለሽ ተባልኩ። ሊዲያ ቀረች። ስወጣ ፌስታሎቿ ትዝ አሉኝ። ልብሷ በሙሉ ሱቄ ውስጥ ነበር።

ቤት ስገባ ኤርሚያስ ግድግዳውን እያየ ተቀምጧል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ንዴቴ የት እንደሄደ ፈለግሁት። አልሄደም፣ እዚያው ነበር። ይህን የምጽፈው ዕፅ የሚነግድ ሰው ምሕረት እንዲደረግለት ብዬ አይደለም። ያን የታሸገ ነገር ያመረተው፣ የላከው፣ በዚያ የከበረው ሰው ወንድሜን ከእኔ ወስዶታል። ያ ሰው ግን እዚያ ፒካፕ ላይ አልነበረም። እኛ ነበርን የተጫንነው።

የሊዲያ አክስት ፈርታ ጣቢያ አልደረሰችም። ስለዚህ ስንቅ የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። ጎረቤት «ምን አግብቶሽ?» ብሎኛል። አንድ ቀን በጣቢያው አጥር ሥር ጠያቂዎች የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት አጠገቤ ተቀመጡ። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ሳህን በጨርቅ ቋጥረዋል። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ያንቺስ ማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እህቴ» አልኩ። ሌላ ምን እንደምል አላወቅሁም።

«የእኔ ልጄ ነው። ዮናስ። አባቱ ካረፈ ወዲህ ሰው አሳሳተው።»

ያን ጊዜ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። እግሬ ግን አልተነሣም። ሰማያዊ ሸሚዙን ያጠቡለት እሳቸው መሆን አለባቸው ብዬ አሰብኩ። ልጃቸው ሊዲያን ወደ ገመድ ሊልክ ነበር፣ ከዚያ «አላውቃትም» ብሏል። ይህን ሁሉ ላወራላቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

«በሌላ አገር እንዲህ ያለውን ይሰቅላሉ አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሬሳውንስ ለእናቱ ይሰጧታል?» አሉኝ።

ስንት ጊዜ ስለዚህ ቅጣት ተከራክሬያለሁ። ጋሽ ንጉሤን አፍ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። «አላውቅም እናቴ» አልኩ። ውኃ ይዤ ነበርና ሰጠኋቸው። ተጎንጭተው መለሱልኝ።

ከዚያ በኋላ በየመጠየቂያው ቀን ተገናኘን። ቦታ ይይዙልኛል፣ እኔም እይዝላቸዋለሁ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ፈሪ ነሽ ብትሉኝ እቀበላለሁ።

ሊዲያ የምታውቀውን ሁሉ ስለተናገረች፣ እኔና ጋሽ ንጉሤም ስለመሰከርንላት፣ ወራት ከታሰረች በኋላ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆና ተለቀቀች። አሁን ሆሳዕና ወላጆቿ ጋ ናት። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። አንድ ቀን በስልክ፣ «እትዬ፣ እዚያ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ወርቅ መስሎኝ ነበር ስለው ያምነኝ ነበር?» አለችኝ። የመርማሪዋ ቃል ጆሮዬ ላይ ስላለ እውነቱን ነገርኳት። አያምንሽም አልኳት።

ከጋሽ ንጉሤ ጋር ስለዚህ ነገር አንከራከርም። እኔ አሸነፉኝ አላልኳቸውም፣ እሳቸውም አላነሡብኝም። ሬዲዮው ያን ወሬ ሲጀምር ግን ድምፁን እቀንሳለሁ። የሚቀጣ ሰው መቀጣት አለበት፣ ይህን አልለወጥኩም። ግን ያን ዕለት ገመድ ያለው ሰው መጥቶ «የሚሰቀለውን አሳዪኝ» ቢለኝ፣ ከሦስታችን ማንን እንደምጠቁም አላውቅም ነበር። እጄ ላይ ዱቄቱ ነበር። እኔ ጠቋሚ ልሁን ተጠቋሚ እንኳን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ሊዲያ የተፈታች ዕለት የዮናስ እናት አግዳሚው ላይ ነበሩ። እጇን ይዤ ስወጣ ሲያዩን ተነሥተው ሁለታችንንም ሳሙን። ሊዲያ ማን እንደሆኑ አላወቀችም።

«ያንቺ ወጣችልሽ፣ ተመስገን» አሉኝ። «ጴንጤ ነሽ መሰለኝ። ግድ የለም፣ እግዚአብሔር አንድ ነው። ለዮናስም ጸልዪልኝ።»

እሺ አልኳቸው። የሱ ጉዳይ አሁንም ፍርድ ቤት ነው። እኛ አገር በዚህ የሚሰቀል የለም፣ ዓመታት ግን ይፈረድበታል ይላሉ። ቃል ገብቻለሁና ጠዋት ጠዋት ስጸልይ አልዘለውም። ምን እንደምለምንለት ግን አላወቅሁም። ይፈታ ልል አልችልም። ይጥፋ ልልም እንደ ድሮው አይሆንልኝም። ስሙን ብቻ እጠራና አሜን እላለሁ።